ከመሸታ ቤት እስከ ዙፋን ደጃፍ፤ የቾሰር ቤተ ሰብ ታሪክ

ስለ እንግሊዝ አገር ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የሚጀምሩት ከቤተ መንግሥት ነው። እኛ ግን በዚህ ጽሑፋችን ከመሸታ ቤት እንጀምራለን። ይህንም የምናደርገው ነገሩን ለማቃለል አይደለም፤ በአንዲት የወደብ ከተማ የወይን ጠጅ እየቀዳ ይሸጥ ከነበረ ሰው ቤት ተነሥቶ፥ በ200 ዓመት ውስጥ እስከ ዙፋን ደጃፍ የደረሰና ከዚያ የጠፋ አንድ ቤተ ሰብ ስላለ ነው። አንባቢዎቻችንም ታሪኩን እስከ መጨረሻው ከተከታተሉ በኋላ እንዲፈርዱልን የምንሻው አንድ ጥያቄ አለ። አንድ ቤት ለልጅ ልጅ የሚያወርሰው ምንድን ነው? ርስት ነውን? ማዕርግ ነውን? ወይስ ከሁለቱም የተለየ ነገር? (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን እናስታውቃለን።)

ኢፕስዊች በምሥራቅ እንግሊዝ፥ ሰፎክ በሚባለው ግዛት፥ የኦርዌል ወንዝ እየሰፋ ወደ ባሕር በሚወርድበት ስፍራ የተቈረቈረች የወደብ ከተማ ናት። በ1200 ዓ.ም. ንጉሥ ጆን ከተማይቱ በራሷ ሹማምንት እንድትተዳደር የሚፈቅድ የመብት ደብዳቤ ሰጣት። መርከቦቿ የእንግሊዝን ሱፍ ጭነው ይወጣሉ፤ ጨርቅና የወይን ጠጅ ጭነው ይመለሳሉ። በ13ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ በዚህች ከተማ አንድሩ የሚባል ሰው ይኖር ነበር። የአገሩ መዝገብ ይህን ሰው የሚጠራው በአባቱ ስም ወይም በማዕርጉ ሳይሆን በሥራው ነው፤ «አንድሩ ባለመሸታ ቤቱ» ይለዋል። በኢፕስዊች እስከ ዛሬ ድረስ «የመሸታ ቤት ጎዳና» እየተባለ የሚጠራ መንገድ አለ። እኛ የምንተርከው ቤተ ሰብ የተነሣው እንግዲህ ከዚህ ዐይነቱ ቤት ነው።

ወደ ታሪኩ ከመግባታችን በፊት ግን ስለ ንግዱ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። እንግሊዝ ቀዝቃዛ አገር ስለ ሆነች ለመኳንንቱ ማዕድና ለቤተ ክርስቲያኑ ቅዳሴ የሚበቃ ወይን አታበቅልም ነበር። በ1152 ግን የአኪቴን ወራሽ የነበረችው ኤሌኖር ሄንሪን አገባች፤ እርሱም በ1154 የእንግሊዝ ንጉሥ በሆነ ጊዜ በቦርዶ ዙሪያ ያለው የወይን አገር ሁሉ ከእንግሊዝ ዘውድ ጋር ተያያዘ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ወይኑ ተለቅሞ ከተጠመቀ በኋላ ብዙ መርከቦች ወደ ቦርዶ እየወረዱ አዲሱን የወይን ጠጅ ወደ እንግሊዝ ወደቦች ያመጡ ነበር። ከ1308 እስከ 1309 ባለው አንድ ዓመት ብቻ ከዚያ አገር የወጣው ከ100,000 ታላላቅ በርሜል በላይ ነው። ይህ ታላቅ በርሜል በእንግሊዝኛ «ተን» ይባላል፤ ወደ 950 ሊትር የሚጠጋም ይይዛል። የመርከብ ጭነት በ«ቶን» መለካት የተጀመረው መርከቡ ይህን በርሜል ስንት ይሸከማል እየተባለ ነበርና፥ የወይን ጠጅ ነጋዴዎች ለባሕር ሥራ ያቀበሉት መለኪያ እስከ ዘመናችን ደርሷል።

ንግዱ ትርፍ የሞላበት ቢሆንም ሥጋት የሞላበትም ነበር። በዚያ ዘመን የወይን ጠጅ በቡሽ በተደፈነ ጠርሙስ ስለማይቀመጥ፥ በበርሜሉ ውስጥ እንዳለ ዓመት ሳይሞላው ይኮመጥጥ ነበር። ስለዚህ ነጋዴው ከማዕበልና ከባሕር ወንበዴ ቢያመልጥ እንኳ ከጊዜ ጋር መሽቀዳደም ነበረበት። ያረጀውን ከአዲሱ እየቀላቀለ የሚሸጥም አልጠፋም። የሕጉን ጽናት ለመረዳት የሚወድ አንባቢ በ1364 በለንደን የሆነውን ይስማ። የተበላሸ የወይን ጠጅ ሲሸጥ የተገኘ አንድ ባለመሸታ ቤት፥ ከዚያው ከተበላሸው እንዲጠጣ፥ የቀረውም በራሱ ላይ እንዲፈስስበት፥ ከእንግዲህም ይህን ሥራ እንዳይሠራ ተፈርዶበታል። ንጉሡም ከንግዱ የሚወስደው ድርሻ ነበረው። 20 በርሜልና ከዚያ በላይ ከጫነ መርከብ ሁለት በርሜል፥ ከ10 እስከ 19 በርሜል ከጫነው ላይ ደግሞ አንድ በርሜል ይወስዳል። ይህን ድርሻ ለንጉሡ የሚቀበለው ሹም «በትለር» ይባላል፤ በእኛ ቋንቋ የንጉሡ ጠጅ መልከኛ ብንለው ከእውነት አንርቅም። የዚህን ሹመት ነገር አንባቢ ልብ እንዲልልን እንለምናለን፤ በታሪካችን ውስጥ ደጋግሞ ይመጣልና።

የአንድሩ ልጅ ሮበርት ከኢፕስዊች ተነሥቶ ወደ ለንደን ሄደ። ቾሰር የሚለውን ስም ለቤተ ሰቡ ያስገኘ እርሱ ነው። ቃሉ ከፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን ትርጓሜው የእግር ልብስ ወይም ጫማ ሠሪ ማለት ነው። ሮበርት ግን ጫማ ሠሪ አልነበረም፤ ሊቃውንት እንደሚገምቱት ስሙን ያገኘው በለንደን ካገለገለው ከአንድ ጨርቅ ነጋዴ ነው። በ1310 በለንደን ወደብ በወይን ጠጅ ላይ የተጣለውን አዲስ ቀረጥ እንዲሰበስብ ከተሾሙት ሰዎች አንዱ ሆነ። የአባቱ ሥራ ጠጁን መቅዳት ነበር፤ ልጁ ደግሞ ጠጁን ለንጉሥ የሚቈጥር ሆነ ማለት ነው። ከጥቂት ዓመት በኋላም ጆን የሚባል ትንሽ ልጅና በኢፕስዊች ያለ ርስት ትቶ ሞተ። ሚስቱ ሜሪም ሪቻርድ ቾሰር የሚባል የወይን ጠጅ ነጋዴ አገባች።

በዚህ ጊዜ ቤቱን ሊያፈርስ የሚችል ነገር ተነሣ። በኢፕስዊች የቀረችው የሮበርት እኅት አግነስ ዘዌስትሄል፥ ርስቱ ከእጇ እንዳይወጣ ታስብ ነበር። ሕፃኑ ጆን ልጇን ጆአንን ቢያገባ ግን መሬቱ ከቤት አይወጣም። ስለዚህ በታኅሣሥ ወር 1324 ከግብረ አበሮቿ ጋር ሆና 14 ዓመት ያልሞላውን የወንድሟን ልጅ በጕልበት ወስዳ ወደ ኢፕስዊች አመጣችው። የእንጀራ አባቱ ሪቻርድና በእናቱ በኩል ወንድሙ የሆነው ቶማስ ሄሮን ይህን በሰሙ ጊዜ ተከትለው ሄደው ልጁን ሳያገባ አስመለሱት። ነገሩም ወደ ዳኛ ቀረበ። ፍርድ ቤቱ ጠላፊዎቹ 250 ፓውንድ ካሣ እንዲከፍሉ ፈረደባቸው። በዚያ ዘመን ጥሩ ግንበኛ በቀን የሚያገኘው 4 ፔኒ ያህል ነበረና፥ ይህ ገንዘብ የአንድ ግንበኛ የ50 ዓመት ደመወዝ ማለት ነው። የተፈረደባቸውም ርስቱ በዓመት ከ20 ሺሊንግ በላይ እንደማያስገባ ጠቅሰው ካሣው በዛብን ሲሉ አቤቱታ አቀረቡ። እንግዲህ አክስት የወንድሟን ልጅ ያስጠለፋት፥ አንድ ቤተ ሰብም በዳኛ ፊት የተዋረደባት ርስት በዓመት አንድ ፓውንድ የምታስገባ ነበረች።

ጆን ቾሰር ካደገ በኋላ የእንጀራ አባቱን ሙያ ይዞ የታወቀ የለንደን የወይን ጠጅ ነጋዴ ሆነ። የሚኖረውም በቴምስ ወንዝ ዳር፥ ቪንትሪ በሚባለው ሰፈር ነበር። የሰፈሩ ስም ራሱ የወይን ጠጅ ማራገፊያ ማለት ነው፤ የቦርዶ መርከቦች በርሜላቸውን የሚያወርዱት በዚያ ነበርና። በ1338 ኤድዋርድ 3ኛ ከኦርዌል ወደብ ተነሥቶ ወደ ፍላንደርስ በተሻገረ ጊዜ፥ ንጉሡን ተከትለው እንዲሄዱ ደብዳቤ ከተሰጣቸው ሰዎች አንዱ ጆን ነበር። በልጅነቱ በጕልበት ወደ ተወሰደበት ወንዝ ዳር አሁን የንጉሥ ተከታይ ሆኖ ተመለሰ። በ1347ና በ1349 መካከልም በሳውዝሃምፕተን ወደብ የንጉሡ ጠጅ መልከኛ ምክትል ሆኖ ሠራ። ይህች ወደብ በ1338 በፈረንሳይ መርከቦች ተቃጥላና ተዘርፋ ነበር፤ የጆን ሥራም ጦርነት ባቈሰለው ወደብ ላይ የንጉሡን ድርሻ ማስጠበቅ ነበር።

በ1348 ደግሞ «ጥቁሩ ሞት» የተባለው ቸነፈር በደቡቡ ጠረፍ ወደቦች በኩል ወደ እንግሊዝ ገባ። የወይን ጠጅ፥ ጨርቅና ሱፍ በሚመላለስበት መንገድ ሞት ተመላለሰበት። በ1349 የእንጀራ አባቱ ሪቻርድ ሞተ፤ ከጠላፊዎች እጅ ያወጣው ወንድሙ ቶማስ ሄሮንም በዚያው ዓመት ሞተ። የጆን ሚስት አግነስ ኮፕተን አጎት የነበረው፥ በለንደን ግንብ ገንዘብ ይቀርፅ የነበረው ሰውም አልተረፈም። ከእርሱም 24 ሱቆች ለአግነስ ደረሷት። ጆንና አግነስ በአንድ ዓመት ውስጥ ብዙ ዘመድ ቀብረው ብዙ ሀብት አገኙ። ታሪክ ሲነበብ ይህን የመሰለው ሀብት በመዝገብ ላይ ቍጥር ብቻ ሆኖ ይታያል፤ በቤቱ ውስጥ ለነበሩት ግን እያንዳንዱ ሱቅ የአንድ ዘመድ መቃብር ማስታወሻ እንደ ነበረ መገመት አያዳግትም።

ከዚህ ቤት በ1340ዎቹ መጀመሪያ ገደማ አንድ ልጅ ተወልዶ ነበር፤ ስሙም ጄፍሪ ይባላል። አባቱ ለንግዱ አላስቀረውም። በ1357 በንጉሡ ልጅ በልዮኔል ሚስት በአልስተር ቆንጂት በኤልሳቤጥ ቤት የሚያገለግል ብላቴና እንደ ነበረ፥ ለእርሱ ልብስና ጫማ የተገዛበት የሂሳብ መዝገብ ይመሰክራል። በ1359 ወደ ፈረንሳይ ዘምቶ በሬምስ አጠገብ ተማረከ፤ በ1360ም ንጉሡ ለማስለቀቂያው 16 ፓውንድ ረዳ። በኋላም በ1372 ወደ ጄኖቫና ወደ ፍሎሬንስ ተላከ፤ ከተላከባቸው ጉዳዮች አንዱ የጄኖቫ ነጋዴዎች በእንግሊዝ የሚጠቀሙበትን ወደብ ለመወሰን ነበር። የወደብ ነጋዴ ልጅ ለወደብ ጉዳይ መመረጡ አያስደንቅም።

አባቱ ጆን በ1366 ሞቷል። የወይኑ ነገር ግን ልጁን አልተወውም። በ1374 በቅዱስ ጊዮርጊስ በዓል ዕለት ኤድዋርድ 3ኛ ለጄፍሪ በየቀኑ አንድ ማሰሮ የወይን ጠጅ በለንደን ወደብ ከንጉሡ ጠጅ መልከኛ እጅ እንዲቀበል ፈቀደለት። አያቱ የቈጠረውን፥ አባቱ ያስጠበቀውን የንጉሥ ጠጅ ልጁ በደመወዝ መልክ ጠጣው። በዚያው ዓመት በሰኔ ወር በለንደን ወደብ የሱፍና የቆዳ ቀረጥ ተቈጣጣሪ ሆነ፤ መዝገቡንም በሌላ ሰው ሳያስጽፍ በገዛ እጁ እንዲጽፍ ታዘዘ። በ1382 ደግሞ የወይን ጠጅና የልዩ ልዩ ዕቃ ቀረጥ ቍጥጥር ተጨመረለት። በዚህ ዐይነት ሥራ 12 ዓመት ያህል ቈየ። ቀን ቀን የሱፍ ጆንያ ሲቈጥር የዋለው ሰው ማታ ወደ ቤቱ ሲመለስ ደግሞ ሌላ መጽሐፍ ላይ ይቀመጥ ነበር።

በሰኔ ወር 1381 ግብር የመረረው የገበሬ ሕዝብ ተነሥቶ ወደ ለንደን ገባ። ከገባባቸው በሮች አንዱ ጄፍሪ በላዩ ተከራይቶ የሚኖርበት የኦልድጌት በር ነበር። ሕዝቡም በውጭ አገር ነጋዴዎች ላይ ቂም ስለ ነበረው ቍጣውን በእነርሱ ላይ አወረደ። የቾሰር ቤት በነበረበት በቪንትሪ ሰፈር፥ በቅዱስ ማርቲን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ተሸሽገው የነበሩ 35 ያህል ፍላንደርሶች ተጎትተው ወጥተው ተገደሉ። ታላቁ የወይን ጠጅ ነጋዴ ሪቻርድ ላዮንስም አንገቱ ተቈረጠ። ሁከቱ ከበረደ ከጥቂት ቀናት በኋላ፥ ሰኔ 19 ቀን፥ ጄፍሪ በቴምስ ጎዳና ያለውን የአባቱን ቤት ለሌላ ሰው ለቀቀ። በውሉ ላይም ስሙ የተጻፈው «የለንደን የወይን ጠጅ ነጋዴ የጆን ቾሰር ልጅ ጄፍሪ» ተብሎ ነው። የመሸታ ቤቱ ዘር ከወይን ንግድ ጋር የነበረው ዝምድና በዚያ ፊርማ ተቋረጠ።

ንግዱ ቢቀርም ከንግዱ የተማረው ግን አልቀረም። በጄፍሪ ዘመን የቤተ መንግሥቱ ቋንቋ ፈረንሳይኛ፥ የቤተ ክርስቲያኑና የትምህርቱ ቋንቋ ላቲን ነበር፤ እንግሊዝኛ የገበያና የወደብ ቋንቋ ተብሎ ይናቅ ነበር። ጄፍሪ ሁሉንም ያውቅ ነበር፤ ጣሊያንኛም ጨምሮበታል። ቅኔውን ለመጻፍ የመረጠው ግን በርሜል አውራጆች፥ መርከበኞችና ባለመሸታ ቤቶች ሲነጋገሩበት የሰማውን ቋንቋ ነው። ታላቁ ሥራው «የካንተርበሪ ተረቶች» የሚጀምረው በሳዘርክ ሰፈር ባለ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ቤት ነው፤ ተሳላሚዎቹን ሁሉ ሰብስቦ ተረት እንዲያወሩ የሚያደርገውም ጳጳስ ወይም መኰንን ሳይሆን ባለቤቱ ነው። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ነጋዴው አንቀላፍቶ ሳለ ከቦርዶ የሚመጣውን የወይን ጠጅ የሚሰርቅ መርከበኛ አለ። ለፔ ከሚባለው የእስፓኝ ከተማ የመጣ ብርቱ የወይን ጠጅ በለንደን ሱቆች ሹልክ ብሎ ከሌላው ጋር እንደሚቀላቀል እየቀለደ የሚያስጠነቅቅ ሰባኪም አለ። ዕድሜን ከበርሜል ቀስ በቀስ ከሚያልቅ መጠጥ ጋር የሚያመሳስል ሽማግሌም አለ። እነዚህን ነገሮች በወይን ጠጅ ነጋዴ ቤት ያላደገ ሰው እንዲህ አድርጎ ሊያያቸው አይችልም ብንል የተጋነነ አይመስለንም። የ1381 ሁከት እንኳ ቀበሮ ሲያባርሩ የሚጮኹ የመንደር ሰዎች በተነሡበት ተረት ውስጥ በአንድ ንጽጽር ብቻ ብቅ ብሎ ያልፋል። ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርመው ግን የነጋዴው ነገር ነው። ይህ ገጸ ባሕርይ በመንገድ ሳለ ዘወትር የሚጨነቀው ከሚድልበርግ እስከ ኦርዌል ያለው ባሕር ከወንበዴ እንዲጠበቅ ነው። ኦርዌል የኢፕስዊች ወንዝ ነው።

ጄፍሪ በ1400 እንደ ሞተ ይነገራል፤ በዌስትሚንስተር ቤተ ክርስቲያንም ተቀበረ። ከዚህ በኋላ ማዕርጉ ወደ ላይ ወጣ። ልጁ ቶማስ በ1402 የእንግሊዝ ዋና ጠጅ መልከኛ ሆነ። ቅድመ አያቱ በአንድ ወደብ ቀረጥ ሰብሳቢ፥ አያቱ በአንድ ወደብ ምክትል የነበሩበትን ሥራ እርሱ በመላው መንግሥት ላይ አዘዘበት። የእንደራሴዎች ምክር ቤት አፈ ጉባኤም ሆኖ አምስት ጊዜ ተመርጧል። የቶማስ ልጅ አሊስ በመጀመሪያ አንድ ባላባት፥ ቀጥሎ በኦርሌአን ከበባ በ1428 የሞተውን የሳልዝበሪን መኰንን፥ በመጨረሻም ዊልያም ደ ላ ፖልን አገባች። ይህ ሰው በ1448 የሰፎክ መስፍን ሆነ፤ ዘሩም እንደ ሚስቱ ዘር ከወደብ ነጋዴዎች፥ ከሐል ከተማ የተነሣ ነበር። እንግዲህ በሰፎክ ግዛት ጠጅ የቀዳው የአንድሩ ዘር የሰፎክ መስፍን ሚስት ተባለች።

የአሊስ ልጅ ጆን የኤድዋርድ 4ኛንና የሪቻርድ 3ኛን እኅት አገባ። ከዚህ ጋብቻ የተወለደው የሊንከን መኰንን ጆን፥ የሪቻርድ 3ኛ አንድ ልጅ በ1484 ከሞተ በኋላ የዙፋኑ ወራሽ እንደሚሆን ይታሰብ ነበር። ግን ወደ ዙፋን የተጠጋ ቤት ወደ መጥረቢያም ይጠጋል። የአሊስ ባል ዊልያም በ1450 በባሕር ላይ ተይዞ በጀልባ ጠርዝ አንገቱ ተቈርጦ ነበር። የሊንከን መኰንን በ1487 በስቶክ ጦር ሜዳ ወደቀ። ወንድሙ ኤድመንድ በ1513 በሰይፍ ተቀጣ፤ ሌላው ወንድሙ ሪቻርድ በ1525 በፓቪያ ጦርነት ሞተ፤ ዊልያም የተባለውም ብዙ ዘመን በለንደን ግንብ ታስሮ ኖሮ በዚያው አለፈ። ማዕርጉም ርስቱም ወደ ዘውድ ተመለሰ።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄያችን እንመለስ። ሕፃን የተጠለፈባት የኢፕስዊች መሬት ዛሬ የማን እንደ ሆነች የሚጠይቅ የለም። የመስፍንነቱ ማዕርግ ከደም ጋር ፈሰሰ። አሊስ በ1437 በዩዌልም መንደር ለ13 ድሆች ያሠራችው መጠለያና አብሮት የቆመው ትምህርት ቤት ግን እስከ ዛሬ አገልግሎት ይሰጣሉ፤ ይህ ለስሟ የሚበቃ ሐውልት ነው። ጄፍሪ በእጁ የጻፋቸው የቀረጥ መዝገቦች ንጉሡን አገልግለው አለፉ። ስለ እርሱ በሕይወቱ ዘመን ከተጻፉት ወደ 500 ከሚጠጉ የመንግሥት ሰነዶች አንዱ እንኳ ባለቅኔ ብሎ አይጠራውም፤ ወታደር፥ መልእክተኛ፥ የቀረጥ ሹም ይለዋል እንጂ። ሆኖም በ1476 ገደማ ካክስተን የማተሚያ መኪና ወደ እንግሊዝ ባመጣ ጊዜ፥ አስቀድሞ ካተማቸው ታላላቅ መጻሕፍት አንዱ «የካንተርበሪ ተረቶች» ሆነ። በእጅ የተገለበጡ ቅጂዎቹም ከ80 በላይ ተርፈዋል።

ጠጁ ዓመት ሳይሞላው ኮመጠጠ፤ ሀብቱ ሁለት መቶ ዓመት ሳያልፈው ጠፋ። በወደቡ ዳር የተሰማው የተራው ሕዝብ ንግግር ግን በጄፍሪ እጅ ተቀድቶ ስድስት መቶ ዓመት አልፎትም ጣዕሙን አልለወጠም። አባቶቻችን «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይላሉ። የቾሰር ቤት ታሪክ የሚያስረዳንም፥ ስም ከመቃብር በላይ የሚውለው በርስት ስፋት ወይም በማዕርግ ከፍታ ሳይሆን፥ ሰው ከወገኑ ተቀብሎ አሳምሮ ለወገኑ በሚመልሰው ነገር መሆኑን ነው።